የአስፋልቱ ጫፍ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጅቡቲ ስመላለስ፣
የሰው ብረት ጭኜ፣ የሰው ስንዴ ሳደርስ፣
አዋሽን በድልድይ፣ በሰቃን በመስኮት፣
አገሬን ያወቅኋት በማለፍ ብቻ ነው፣ እንደ ሩቅ ጎረቤት።
ጡረታ ስወጣ ትርንጎ ሳቀችና፣
"በል እኔን ጫነኝ" አለች፣ "ጭነት ቀሎሃልና።"

የዕቁቡን ዕጣ ይዘን፣ የላሟን ሽያጭ ጨምረን፣
ገላን ካንድ ግቢ አንዲት መኪና አየን፤
ያገለገለች ናት፣ ቀለሟ ገለባ፣
መጋረጃዋ ላይ ሰማያዊ አበባ፣
ሁለት አልጋ በጎን፣ ምድጃ ከኋላ፣
ኤሊ መሰለችኝ፣ ቤቷን በጀርባ አዝላ።
ትርንጎ ገባችና ፍራሹን ተጭና
ምንም ሳትል ወጣች። ገባኝ፤ ከፈልንና፣
እጅ ተጨባብጠን በሩ ጋ ስንደርስ፣
ናሆም የሚሉት ሻጭ፦ "አንዴ ቁጭ ብንልስ?

ተጨማሪ ዋስትና አለን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፤
ሞተሯ ቢነክስ፣ ካምቢዮዋ ቢዝል፣ እኛ ጋ ነው ሁሉ።
መቶ ዘጠና ሺህ፤ ይሄ ዋጋ ደግሞ እስከ ነገ ቀትር።"
አሥራ አንድ ገጽ ዘረጋ፣ ፊደሉ ቁንጫ፣ ጥቁር በጥቁር።

እኔ የማውቀው ዋስ እግር ያለው ሰው ነው።
የሰው በሬ ገጭቼ አዳማ ጣቢያ ባደርኩ ለት፣
አጎቴ እንዳሻው መጣ ገና በጥዋት፣
ጫማውን ወልውሎ፣
መታወቂያውን ይዞ፣ "እኔ አለሁ" ብሎ፣
ፈርሞ አወጣኝ። ሳንቲም አልጠየቀ፤
"ዓይንህ የት ነበር?" ብሎ ብቻ ነው የሳቀ።
ይሄኛውን ዋስ ግን ፊቱን ማን አየው?
ሳልወድቅ ያስከፍላል፤ ስወድቅ የት ነው ያለው?

"ለወገብህ ካለው" አለች ትርንጎ፣
"እሱን ይሽጥልን፣ ቅናሽ አድርጎ።"

መነጽሬን ነጥቃ ታነባለች ደግሞ፤
ገጽ ዘጠኝ ስትደርስ ጣቷ ቀረ ቆሞ፦
"ተሽከርካሪው ከአስፋልት ከወጣ ለአንድም ቀን፣
ዋስትናው ይሰረዛል።" ዝም ተባባልን።
ናሆም ሳቀ፦ "ይሄማ ለወጉ ነው፣ እማማ፣ ማን ያየዋል?"
"ወረቀቱ" አለችው፣ "ወረቀቱ ያየዋል።"

ቤታችን ከኮዬ ጀርባ ነው፤ የሙላቷ ወፍጮ ቤት ጋ
አስፋልቱ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጠጠር፣ ክረምት ጭቃ፣ አቧራ በበጋ፣
ሁለት ኪሎ ሜትር፤ "በቅርቡ ይሠራል" የሚለው ታፔላ እንኳ አርጅቶ፤
ከፍለን ብንገባ እንኳ፣ ራት ሳይቀርብ ያድራል ዋስትናችን ሞቶ።

"አስባችሁ ንገሩኝ" ብሎ ቁልፉን ሰጠን።
ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ጨለማው ቀደመን።
እግሬ ፍሬን ያዘ፤ ለግመል፣ ለበሬ
ቆሜ አውቃለሁ፤ ለወረቀት ግን ገና ዛሬ።
ጠጠሩ ሊጀምር አንድ ክንድ ሲቀረው፣
"እዚሁ እንደር" አለች፤ ፍራሹን አነጠፈችው።
ስንት የተመኘነው፣ ላንጋኖ፣ ዝዋይ፣ ጣና፣
የመጀመሪያው ሌሊት ወፍጮ በር ላይ ሆነና፣
ዘበኛው መጥቶ በባትሪ አየን አጮልቆ፣
"ተበላሸች?" አለ። "እያሰብን ነው" ስለው፣ ሄደ ራሱን ነቅንቆ።

ሌሊት ነፋስ ሲነሣ ቁም ሣጥኑ ቀጭ ቀጭ፣
በሩ አልገጥም ብሎ። እኔ ሒሳብ ላይ ነኝ፤ ወጭ ላይ ሌላ ወጭ፣
ቴስታታ ይሄን ያህል፣ ካምቢዮ ያን ያህል፣ ዱጉማ ጋራዥ በዱቤ፣
ስጨምር ስቀንስ አልተኛ አለ ልቤ።
ትርንጎ በጨለማ አንድ ነገር ስታጥፍ፣ ስትወትፍ ሰማኋት፤
ሣጥኑም ዝም አለ።
ጥቂት ሳትቆይ አንኮራፋች፤ ቀናሁባት።

ጠዋት አየሁት፦ ገጽ ዘጠኝ፣ ባራት ታጥፎ፣
ከበሩ ስንጥቅ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ተወትፎ፣
"በጥሞና ያንብቡ" የምትል መስመር ብቻ ብቅ ብላ።
አራት ሰዓት ላይ ናሆም ደወለ። ደገመ።
ትርንጎ ስልኩን ጠቀለለችው በነጠላ።

ቁልፉን አዞርኩ። ጠጠሩ ላይ ስንወጣ
ማንኪያው፣ ድስቱ፣ ጉልበቴ አንድ ላይ ተንጣጣ፤
ሣጥኑ ግን ዝም።
ቀበቶዋን አሥራ፣ ፊት ፊቱን እያየች፣
"ቀስ በል እንግዲህ፣ ዋስ የለንም" አለች።