የአርባ ደቂቃ ፀሐይ

ክረምት ይሉታል እዚህ፤ ዝናብ የለው ጭቃ፣
ጥር ነው ለኔ ወሩ፣ መሬቱ ደርቆ የነቃ።
«ሳይዘንብ ክረምት አለ?» ብዬ ብጠይቀው፣
ጋርዝ ቦርሳውን አዝሎ፣ «ግባና እወቀው።»

ከኤስካላንቴ፣ ከነዳጅ ማደያው ደጃፍ፣
ሠላሳ ማይል አቧራ፣ እስከ ገደሉ አፋፍ።
የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ነው ያረጀው፣
የዚህ መንገድ ጉድጓድ ነው ወገቡን የፈጀው።
የየዓመት ጓዱ፣ ወንድሙ፣ ሙቀት ፈልጎ ሄደ፣
ፍሎሪዳ ላይ ቤት ገዛ፣ ዓሣ ማጥመድ ለመደ።
እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ የጎደለ የሞላሁ፣
በወንድሙ የእንቅልፍ ከረጢት፣ በሰው ልክ የተኛሁ።

ወረድን። ግድግዳው ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣
ሰማይ እንደ መቀነት ጠበበና ቀረ።
ወንዙ ቁርጭምጭሚት አይሞላ፣ ግን ይጠማዘዛል፣
ስንሻገር፣ ስንሻገር፣ ጣታችን ይደነዝዛል።
ዳር ዳሩን በረዶ ነው፣ ስስ እንደ ብርጭቆ፣
ከሥሩ ውሃ የሚሄድ፣ ድምፁን ተደብቆ።
«አትርገጠው» አለኝ ጋርዝ፤ እኔ ረገጥኩት፤
እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤
ሳቁን ከሦስት ግድግዳ ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገደሉ ጨለመ፣
የአሥራ አራት ሰዓት ሌሊት ፊታችን ቆመ።
ሾርባው ከምድጃ ወርዶ ማንኪያ ሳይደርስለት
ዳር ዳሩን ረጋ፣ የብርድ ጥርስ ገባበት።
የውሃ ጠርሙሳችንን እንደ ሕፃን ታቅፈን፣
ጋዙንም ካልሲውንም ብብት ውስጥ ወትፈን፣
ባትሪ ሳይቀር አሞቅን፣ ምንም እንዳይረሳ፤
ደጅ የቀረውን ጫማ ግን ማንም አላነሳ።

ሌሊት ሽንት ወጥሮኝ በካልሲ ብቻ ወጣሁ፣
ሰማዩ መቀነት ላይ የኮከብ ጥለት አየሁ።
ጫማዬን ተሻገርኩት፤ ያኔ እንኳ ትዝ አላለኝ፣
ብርዱ ጥርሴን እያፋጨ ወደ ውስጥ መለሰኝ።

ጠዋት የግራ እግር ጫማዬ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ፣
ማሰሪያው እንደ ሽቦ ቆሞ አፈጠጠብኝ።
አንኳኳሁት፤ ይጮኻል፣ እንደ በር፣ እንደ ገል፤
እግሬን ብለማመጥ፣ ብገፋ፣ ብታገል፣
ተረከዜ ደጅ ቀረ። ጋርዝም እንዲሁ ታግሎ
ተቀመጠ፣ ካልሲውን በፌስታል ጠቅልሎ።

«ፀሐይ ትመጣለች» አለኝ። ቀና ብዬ ሳያት፣
የብርቱካን ልጣጭ ናት፣ አፋፉ ላይ የጣሏት።
ዝቅ አለች በጣት ስፋት፤ ደግሞ በጣት ስፋት፤
ሦስት ሰዓት፤ አራት ሰዓት፤ ማን ሊጎትታት!

ጋርዝ ሳልጠይቀው ያኔ አወራኝ ስለ አንዲት ልጅ፣
ዶሬን ትባል ነበር፣ ቤቷ የመጨረሻው ደጅ፤
ሁልጊዜ ታረፍዳለች፣ ጫማ ፍለጋ ስትዞር፣
እሱም ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቃት ነበር።
«አንድ ክረምት ግን ተናደድኩ። ሰዓቴን አከበርኩ።
በሩን ዘጋሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ተንቀሳቀስኩ።
በመስታወት አየኋት፤ በረዶው ላይ ቆማ፣
ባንድ እጇ ቦርሳ ይዛ፣ ባንድ እግሯ ጫማ።»

ከዚያስ አላልኩም። እሱም ከዚያ ወዲያ አላለም።
ወንዙ ከበረዶው ሥር ሄደ፤ እሱ ብቻ ዝም አላለም።

አራት ተኩል ላይ ወረደች፤ ከአሸዋው ጫፍ ጀምራ፣
ድንኳኑን፣ ድስቱን ነካች፣ እኛን በየተራ።
ጫማችንን ደረደርን፣ አፋቸውን ከፍተን፣
እንደ ራበው ጫጩት ምላሳቸውን ጎትተን።
አርባ ደቂቃ ብቻ ናት፤ ከዚያ ግድግዳው ይወስዳታል፤
ጋርዝ ይህን ያውቃል፤ ሰዓቱን ግን ኪሱ ከቶታል።

መጀመሪያ ማሰሪያው ላላ፣ ፈታ አለ እንደ ሐሳብ፣
ውሃ ከሶሉ ሥር ወጣ፣ አሸዋው ላይ ጠብ ጠብ።
እሱ አስሮ ጨረሰ። የኔ ግራ ገና ነበር፤
ቦርሳውን አዝሎ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ጥላው ድንበር፤
ፀሐይዋ ከጉልበቴ፣ ከጣቴ ላይ ስትሄድ፣
አንዴም «ቶሎ በል» ሳይል፣ አንድ ርምጃ ሳይራመድ።