ግብር የሌለበት ቤት

ሐይቁ እስከ ወገቡ በረዶ ለብሶ፣
ንፋሱ ከካናዳ ተነሥቶ ደርሶ፣
መዳብ ካለቀበት ከኦቶላ መንደር
በር በር እያንኳኳ ሲለማመጥ ሲያድር፣
እኔም አንኳኳሁኝ፤ በትከሻዬ ማራገቢያ፣
በብብቴ ቅጽ፣ በደረቴ መታወቂያ።
«ከአውራጃው የልማት ጽሕፈት ቤት ነኝ» አልኩኝ፤
ወይዘሮ አይሊ ካንጋስ በሩን ገርበብ አድርገው
ከእግር እስከ ራስ ለኩኝ።

«ምንድን ነው የምትሸጠው?»
«ምንም። ቤትዎ የት የት እንደሚያፈስ ልየው።»
«ጣራዬ አያፈስም።»
«ውሃ አይደለም እማማ፤ ሙቀት ነው።»

በሩን በቀይ ሸራ ለበጥኩት ዙሪያውን፣
ማራገቢያው ከመሃል፤ ስከፍተው ሞተሩን
ቤቱ ትንፋሽ አጠረው፣ መጋረጃው ተርገበገበ፣
ውጪው በየስንጥቁ እየተሹለከለከ ገባ፤
በመስኮቱ ጥግ ፉጨት፣
በማብሪያ ማጥፊያው ቀዳዳ፣ በምድጃው አንገት፤
ድመቷ ፀጉሯን አቁማ ወጣች ከቁም ሳጥን አናት።

ጭስ የምትተፋ ቀጭን እርሳስ አለችኝ፤
ብርድ የገባበትን የምትጠቁመኝ።
ከባላቸው ወንበር ጀርባ ጭሷ እንደ እብድ ዘለለ።
«ቶይቮ እዚያ ነበር የሚቀመጠው» አሉ፣
«ጀርባዬን በረደኝ፣ ጀርባዬን በረደኝ እያለ።
እርጅና ነው ስለው ኖርኩ። አርባ ዓመት። አርባ!
ለካ በጀርባው ነበር ክረምቱ የሚገባ።»

ደመርኩት። የቀዳዳው ሁሉ ስፋት አንድ ላይ
አንድ ሙሉ መስኮት ይሆናል፣
ሌሊትም ቀንም ወለል ብሎ የተከፈተ ወደ ሰማይ።

ከዚያ ወረቀቴን ዘረጋሁ፤ የለመድኩትን ቃል፦
«ግድግዳውን ለሚያለብስ፣ መስኮቱን ለሚቀይር፣
ካወጣው ላይ ሲሶው ከግብሩ ይቀነስለታል።»
መነጽራቸውን ወለወሉ። መስመር በመስመር
አነበቡ። ሳቁ።
«ከየትኛው ግብር ልጄ? እኔ እኮ ግብር የለብኝም፤
የጡረታዬ ፍራንክ እዚያ ወግ አይደርስም።
ከባዶ ላይ ሲሶ ቢቀነስ ስንት ነው?
ያ የሐይቅ ዳሩ ባለ ሦስት ፎቅ፣ በሐምሌ ብቻ የሚመጣው፣
እሱ ይቀነስለት። ለሱ ነው የጻፋችሁት።»

ምን ልበል? ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን የለም።
መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ፣
ይቺ ብቻ መጣችልኝ፦

ከፋይ ብቻ ታድሞ የሚገባው ግብር፣
የበረደው ሁሉ ከደጅ ቆሞ ሲያድር።

ሬኔ ብሪሶን፣ አለቃዬ፣ ነገሩን ስነግራት
እርሳሷን ነከሰች። «ስንት ቤት አለ እንደሳቸው?»
«አሥራ አንድ። ያየሁት።»
በእሳት አደጋው ጣቢያ ምድር ቤት፣ በሚታጠፉ ወንበሮች፣
ሁለት ሰዓት ከሩብ ጮኽን። ለዋናው ጎዳና መብራት
የተያዘው ገንዘብ ለግድግዳ ይሁን ተባለ።
ባለ መጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ መታ፦
«በጨለማ ጎዳና ማን ሊገበያይ ይመጣል?»
እውነቱን ነበር እሱም።
አምስት ለአራት አለፈ።

በሚያዝያ ግድግዳው ሲከፈት
ውስጡ ሰጋቱራና የተጠቀጠቀ ጋዜጣ፤
ከማዕድኑ አድማ ዘመን፣ በፊንላንድኛ፣
አማታቸው በእጃቸው የወተፉት።
ያንንም ዘመን የገፉት በወሬ ተሸፍነው ነው።
ወይዘሮ አይሊ አንዱን ገጽ ዘርግተው
«የድንች ዋጋ» ብለው አነበቡልን፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ለራሳቸው።

ሠራተኞቹ ሲሄዱ ማራገቢያውን እንደገና ገጠምኩ።
ድመቷ ቀና አለች፣ ተመልሳ ተኛች።
ከወንበሩ ጀርባ ያቺ ጭስ
እንደ ክር ቀጥ ብላ ቆመች።
አሮጊቷ ሹራባቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤
ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ፣ ብዙ ቆዩ።

«ይፈርሙልኝ» አልኩ ሲመሽ። ከፊርማው በታች
«አስተያየት» የሚል ሦስት መስመር ባዶ አለ፤
ሰው ሁሉ የሚዘለው።
እሳቸው ጻፉበት፣ ቀስ ብለው፣ በድሮ እጅ ጽሕፈት፦
«ቶይቮ እውነቱን ነበር።»

መልሼ ወደ መኪናዬ የሄድኩት
በእጅ ባትሪ ነው። መንገዱ አይታይም።