የክለቡ ደብተር

ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፣ ጠርዙን ቀርጥፎት አይጥ፣
ልብስ ሰፊው ይመር ያቆየው፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ።
አንደኛው ገጽ፦ "መርሳ። ስልሳ ስምንት፣ ጥቅምት።
አንድ ኳስ፤ ሦስት ጥንድ ጫማ፤ የተውሶ ፊሽካ ያላት።
መዋጮ ሃምሳ ሳንቲም። ሙሄ አልከፈለም፤
ግን ሌላ በረኛ የለም።"

ማልያው በአንድ በርሜል ሰማያዊ ተነከረ፣
የውርጌሳ ለታ ዶፍ ዝናብ ጀመረ፤
ቀለሙ ለቀቀ፤ በደረት በትከሻ የነካነው ሁሉ፣
ፊሽካው ሲነፋ እነሱም፣ ዳኛውም፣ እኛን ነው የመሰሉ።

ኳሷን ጫማ ሰፊው ደምለው ስንቴ እንደ ጠገናት!
"ይቺ እሾህ፤ ይቺ የወልዲያ፣ ሰባት ለባዶ የተቀጣንባት።"
(ይመር ግን በደብተሩ "ነፋስ ነበር" ብሎ አለፋት።)

ከዚያ ሰባ ሰባት።
ገጹ ነጭ ነው። አንድ መስመር፦ "ሜዳው ድንኳን ሞላበት።"
ዝቅ ብሎ፣ በሌላ እስክሪብቶ፦
"ሙሄ። ታናሽ እህቱ። እንድሪስ። የእንድሪስ እናት።"
ከሙሄ ስም ጎን ደግሞ፣ በራሱ እጅ፣ በይመር፦
"ሃምሳ ሳንቲም፤ ተከፍሏል።" ማን እንደ ከፈለ ሳይናገር።

ትናንት ልጆች መጡ፤ "ክለቡን እናቁም፤ ስሙን ምን እንበለው?"
"መርሳ" አልኩ። ሳቁብኝ፤ "ስሙ ራሱ መርሳት አለው!"
ለክርክር አልቆምኩም፤ ደብተሩን ገለጥኩና፣
"በረኛው ማነው?" አልኩ፤
የእሱ ተከፍሏልና።