የደረጃው ማረፊያ

በቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ፣
መስኮቱ ጨው ለብሶ መርከብ በማያሳይ
ሦስተኛ ፎቅ ቢሮ፣ ባንድ ቀትር ፀሐይ፣
ሮሳውራ ጠየቀች፦
«ንዑስ ርዕስ ለራሱ አዝራር አያሻውም ወይ?»

ገጽ መጻፊያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤
ሲበላሽ በሌሊት የሚቀሰቅሱኝ።
አሥራ አንድ አዝራር አለው፤ አሥራ ሁለተኛ
ስትጠይቀኝ ጊዜ ሆንኩባት ምቀኛ።
«ከርዕስ ሥር ያለች አንዲት መስመር» አልኳት፣
«ፊደሏን አግዝፈሽ፣ ትንሽ አድምቀሽ ተያት።
ለያንዳንዱ ሐሳብ ጎጆ ከቀለስን
መች ልንጽፍ ነው ታዲያ? ስንገነባ አለቅን።
ስምን መልአክ ያውጣ፤ አዝራርን ግን እኔ።»
አለቃ ኤሌውቴሪዮ ሰዓቱን ዐየና ፈረደ ለኔ።

ሮሳውራ አልተቆጣች። ብርቱካን አወጣች፣
ልጣጩን ሳትበጥስ አዙራ አወረደች።
«ይኼ ቅርፊቱ ነው። ይኼ ደግሞ ሥጋው።
ይኼኛውስ፣ ነጩ፣ በሁለቱ መሐል ያለው፣
ማን ይባላል ስሙ?»
ዝም አልኩ።
«ትጥለዋለህ።
ስም ለሌለው ነገር መቼ ታዝናለህ?»

ማክሰኞ ዕለት መጣች ዶኛ ኦርቴንሲያ።
ዓይኗ አያይም፤ ድሮ በስልክ ማዞሪያ
አርባ ዓመት ሠርታለች፤ ዛሬ በጆሮዋ
ገጽ መፈተሽ ሆነ የጡረታ ሥራዋ።
ማሽኑ ያነብላታል፤ ከርዕስ ወደ ርዕስ
ትዘላለች በጣት፣ ከምትሻው እስክትደርስ።
ያን ቀን ግን ትንፋሿ ተቆራርጦ ገባች፣
ዱላዋን ወንበር ላይ አስደግፋ አለች፦

«‹የኮረብታው አሳንሰር› ይላል ርዕሳችሁ።
ሰዓቱን፣ ዋጋውን በደንብ ነግራችሁ፣
ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው። ‹እስከ መጋቢት› አለኝ
አንድ ዓሣ ሻጭ፤ ‹ገጹ ላይ አለ'ኮ› ብሎ ሳቀብኝ።
መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ ቆጠርኩኝ።
በየሠላሳው ማረፊያ አለው፣
እግዜር ይስጠው ያን የሠራው።»

ገጹን ከፈትኩት። አዎ፤ ከርዕሱ ሥር፣ ደማቅ፣
ግዙፍ፣ «እስከ መጋቢት ተዘግቷል»፣ ለዓይን የሚያስደንቅ።
ማሽኑ ግን ድምቀት አይሰማም፤
ምን እንደሆነ ስላልነገርነው፣ አልቆመላትም።

በችኮላ አረምኩት፤
ሁለተኛ ደረጃ ርዕስ ብዬ ሰየምኩት።
አዳመጠች። ግንባሯ አልፈታም።
«አሁን ደግሞ ክፍሉ ስድስት ነበር፣ ሰባት አለኝ፤
ሰባተኛው ውስጥ ገባሁ፣ ወንበር እንኳ አጣሁኝ።
ይኼ ክፍል አይደለም፣ ልጄ። ደረጃም አይደለ።
ማረፊያ ነው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ትንፋሽ የተከለለ።
ማረፊያውን እንደ ደረጃ እየቆጠራችሁ
እግሬን ሽቅብ አስነሥታችሁ፣ አየር ታስረግጡኛላችሁ።»

ኤሌውቴሪዮ ሰዓቱን አላየም።

አሥራ ሁለተኛዋን አዝራር ሌሊቱን ሠራሁ፤
ከርዕሱ ጋር ታስራ፣ ሳትቆጠር፣ ሳትዘለል አሰማሁ።
ምስሏን መሳል ግን አቃተኝ፤ ማረፊያ ምን ይመስላል?
አንድ አጭር መስመር ጣልኩባት፤ ሰው ሲያያት ቅናሽ ይላል።
ኦርቴንሲያ ጆሮዋን አዘነበለች፣
ሁለቴ ሰማችው፣ «እህ» ብቻ አለች።

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ።
የዓሣ ገበያው ጸሐፊ ዶን ግሪማልዶ በማግስቱ ነቃ፣
ያቺኑ አዝራር ተጭኖ
«እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ» ጻፈባት፣ ፊደሉ ይግዘፍ ብሎ።

ሮሳውራ ስቃ ብርቱካን ሰጠችኝ።
ነጩን ቀመስኩት። ይመራል።
ስሙን እስካሁን ማንም አልነገረኝ።