አትንኩ

ሐይፋ ላይ ነው ሥራዬ፣ ከካርሜል ወገብ ላይ፣
ወደቡ ከነክሬኑ ከመስኮት የሚታይ።
ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጆሮዬ ላይ ሽቦ፣
«አትንኩ» እላለሁ ሰው ሲመጣ ከቦ።
በሦስት ቋንቋ እላለሁ፤ በአራተኛው ዝም፤
የራሴን ቋንቋ ማንም አይጠይቀኝም።

በክረምቱ መግቢያ ሣጥኖች ደረሱ፣
ከኮሪያ በመርከብ፣ ጥጥ እንደ ለበሱ።
የአንድ ቤት ሦስት ትውልድ፦ አያት፣ አባት፣ ልጅ፤
ሦስት ክፍል ሰጧቸው፣ አንድ በር፣ አንድ ደጅ።

አያትየው ናም ግዩቾል፣ ጦርነት ያፈናቀለው፣
ሸራ መግዣ ቢያጣ፣ ሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለው
ብርማ ወረቀት ላይ በምስማር ጫረበት፤
ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ሕፃን፣ ጣሪያው የጎደለ ቤት።
ከመዳፍ አይበልጥም። ጎብኚ ያጎነብሳል፣
ትንፋሹን መስታወቱ ላይ ትቶ ይመለሳል።
እኔ እወለውላለሁ።

አባትየው ግን ነጭ።
ነጭ ብቻ፤ ግድግዳ የሚያህል ሸራ።
መጀመሪያ ቀን፣ እውነቴን፣ «ሳይጨርስ ሞተ» ብዬ አዘንኩለት፤
ለካ በሕይወት አለ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶት።

ስምንት ሰዓት ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው፤
ጎብኚማ ያልፋል፤ ዘበኛ ነው የሚያየው።
በሦስተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ብርሃኑ በጎን መጥቶ ነጩን ሲነቀንቅ፣
መስመር አየሁ፤ የእርሳስ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ
በእርጥቡ ላይ የሄደ፦ ቀና፣ ጎበጥ፣ ቀና፣
ሺህ ጊዜ ያው መንገድ፣ ሺህ ጊዜ እንደገና።

አባቴ አይናው ትዝ አለኝ።
በመቀበያ ማዕከል፣ በስልሳ ሁለት ዓመቱ፣
ባለ መስመር ደብተር ዘርግቶ ከጉልበቱ፣
አሌፍ ሲጽፍ፣ አሌፍ፣ አሌፍ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
ማንም ሳያዘው፣ እንደ ማለዳ ሥራ።
ብረት የቀጠቀጠ እጁ እርሳሱን እየሰበረ፣
ጫናው ገጹን በስቶ ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ።
እኛ ልጆች አፈርን፤ ቶሎ አንብበን በለጥነው፤
ሲሞት ደብተሮቹን ከቁም ሣጥኑ ጋር ጣልነው።

ልጅየዋ ናም ሶዩል ራሷ መጣች፣
ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ወለል ላይ ተኛች።
የምትሰቅለው የላትም። ክፍሏ ባዶ፣ ጨለማ፤
የአባቷ እርሳስ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማ፤
ሽርር፣ ሽርር፣ ሽርር።
በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ምኑን ልጠብቅ?» አልኳት።
ሳቀች። «እንቅልፍ እንዳይወስድህ፣ ራስህን።»
ኋላ ግን፣ ሳትሄድ፣ ሽቦ እየጠቀለለች፣
«አባቴ ማየት ተወ፤ እጁ ግን ያውቃል» አለች።

ሲመሽ ሕዝቡ ይወጣል፤ መብራት ማጥፋት የእኔ ድርሻ፣
ድምፁንም ማጥፋት የእኔ፣ የመጨረሻው መጨረሻ።
እቆማለሁ በጨለማው። ሽርር ይላል፣ ይመለሳል፤
ገጽ የሚገልጥ ይመስላል፣ እርሳስ የሚቀርጽ ይመስላል።

አለቃዬ ኤፍራት፣ «በየቀኑ አሥር ደቂቃ! ትርፍ ሰዓት አንከፍልም።»
«ክፈሉኝ አላልኩም» እላለሁ፤ «ብዙም አልቆይም፤
አንድ ገጽ እስኪሞላ ነው።»