ሎሚ አስቀምጥበት

አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ ሲሸጥ ጠዋት፣
ባዩሽ ዋጋ አትጠይቅም፣ አትሰማም አንደበት፤
ስንጥቡን ገልጣ ነው ጣቷን የምትሰደው።
ቀይ ከሆነ ትላለች፣ «ይኼኛው የዛሬ ነው»፤
ገርጥቶ ካገኘችው ትመልሰዋለች፣
ሻጩ እየማለላት ሌላ ታነሳለች።
አባ ኮዳም ከጎኗ፣ ራሰ በራ ዳኛ፣
ፍርዷን ይጠብቃል እንደ ሌት ጉበኛ።

የኔ ሱቅ ከዚያ ማዶ፣ ሁለት ቆርቆሮ ነው፤
ውሃ የገባው ስልክ፣ የረገፈ ስክሪን ነው የምጠግነው።
ሰው ግን የሚመጣው ሌላ ጣጣ ይዞ፣
«ትርሲት፣ እስቲ እዪልኝ» ይላል ዓይኑ ፈዞ፣
«በግማሽ ዋጋ አለኝ። እውነት ነው ወይስ ጉድ?»
ስልክ እንደሁ ስንጥብ የለው፣ ጣቴን ወዴት ልስደድ?

ሎሚሶ ስልሳ አልፎታል፣ ትከሻው ዝሎበታል፤
ከመቅዘፊያው ጋራ አርባ ዓመት ታግሏል።
ባለ አሥራ አምስት ፈረስ ሞተር፣ ቀለሙ የነጣ፣
በኢንተርኔት ለሰባት ቀን ለጨረታ ወጣ።
እኔ እየጻፍኩለት፣ እሱ እየነገረኝ፣
«አንድ ሺ ጨምሪ»፣ «ቆዪ»፣ «ሁለት አድርጊ» እያለኝ፣
በሰባተኛው ሌሊት ሊዘጋ ሲል ሰዓቱ
በአምስት መቶ ብር ተቀደምን፤ ቀረ በከንቱ።

ሎሚሶ ዝም አለ። ቆቡን አነሳና
ወጥቶ ሄደ በእግሩ፣ በሐይቁ ጎዳና።

በማግሥቱ ማታ ስልኬ ብልጭ አለ፦
«እንደምን አመሹ? አሸናፊው የለ፤
ገንዘብ አጥሮት ተወው። ዕድሉ የእርስዎ ነው፣
በሰጡት ዋጋ ይውሰዱት፣ ሰው ነው የሚበልጠው።
ግን ከጨረታው ውጪ፣ ኮሚሽን አይብላን፤
ግማሹን በቴሌብር፣ ነገ ሳይረፍድብን።
ሞተሩ አርባ ምንጭ ነው፣ ሹፌር አለኝ ታማኝ።
ክፋት አላውቅም እኔ፣ እግዜር ነው የሚያየኝ።»

ሎሚሶ ሰምቶ ሳቀ፣ እንደ ልጅ፣ በጥርሱ።
የተጠቀለለ ብር አወጣ ከኪሱ።

እኔ ደግሜ አነበብኩ።
ሻጭ ስለምን ቸኮለ? ሞተር እንደሁ አይሸት።
ለምንስ የሌላ ስም አለ፣ ብሩ የሚገባበት?
እግዜርን ምስክር ጠራ፤ የሞተሩን ቁጥር
ሁለቴ ብጠይቀው፣ እንደ ጭቃ፣ ሄደ ዳር ዳር።
ግን ደግሞ...
ያለፈው ክረምት እኔ፣ እህቴ ሆስፒታል ተኝታ፣
ፍሪጄን በግማሽ ዋጋ ሳወጣው በአንድ ማታ፣
ሦስት ሰው «ሌባ» ብሎኝ ስልኩን ዘግቶብኛል።
የቸኮለ ሁሉ ሌባ ነው? ችግርም ያስቸኩላል።

ስለዚህ ጻፍኩለት፦ «ሎሚ አስቀምጥበት፣
አንዲት ሎሚ፣ ከላይ፤ ፎቶ አንሳና ላካት።»

መጀመሪያ ስድብ መጣ። ቀጥሎ ዝምታ።
አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስተኛውም ማታ።
ሎሚሶ በበሬ ሲያልፍ አያየኝም በደህና፤
«በሎሚ ሞተር ጠፋ» አለ አንዴ፣ ቆመና።

በአራተኛው መጣ።
ሞተሩ አለ። ሎሚዋም፣ ቢጫ፣ ከአናቱ ላይ።
አፈርኩ። ፊቴ ጋለ። «ይቅርታ» ልጽፍ ነበር ሳላይ።

ሎሚሶ ስልኩን ተቀበለ። ፊደል አልቆጠረም፤
ፀሐይን ከውሃ ላይ ሲያነብ ግን አይስትም።
አራቀው። አቀረበው። ወደ ታቦር ዞረ፣
ጣቱን አቆመና ጥላውን ቆጠረ።
«ትርሲት፣ ሞተሩ ጥላውን ወደ ግራ ጥሏል።
የሎሚዋ በቀኝ ነው። ስንት ፀሐይ ወጥቷል?»

ብሩን መልሶ ጠቀለለ፣ ሌላ ቃል አልወጣው።
ባዩሽ ስትሰማ፣
«ስንጥብማ ነበረው» አለች፣ «አንቺ ነሽ ያላየሽው።»

እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ሰው ነው እስከ ዛሬ፤
በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ጠባብ ክፍል፣
ሦስት ቀን ሙሉ ሎሚ ሲያነሳ፣ ሎሚ ሲጥል፣
ጠርዟን ሲያለሰልስ፣ ቢጫዋን ሲያደምቅ፣
ከሌላ ሰው ገበታ፣ ከነጥላዋ ሲሰርቅ።

አመሻሽ ላይ ከሐይቁ መቅዘፊያ ይሰማል፤
ቀኝ፣ ግራ። ቀኝ፣ ግራ። ሎሚሶ ይቀዝፋል።