ከኋላ የሚያልፈው ሰውዬ

ውርጩ ደጅ ቆሟል፣ ደብረ ብርሃን መሽቷል፤
የጎረቤት ውሻ ከመጮኽ ታክቷል።
እኔ ሁለት ካልሲ በላይ በላይ አጥልቄ፣
ጡረታ ስወጣ የሸለሙኝን ብርድ ልብስ ጉያዬ ውስጥ አጥብቄ፣
የልጄን ላፕቶፕ ጉልበቴ ላይ ጭኜ፣
አርባ ጊዜ ያየሁትን ፊልም እከፍታለሁ፣ እንደ እንግዳ ሆኜ።

"ደግሞ እሱን፣ አባዬ?" ትላለች ውባንቺ፤
"ሰውየው እንደሆን መጨረሻ ላይ ይሞታል።"
"ሞቱን ማን ጠየቀሽ፣ አንቺ?
ሰው የለመደውን መንገድ የሚመላለሰው
መድረሻው ጠፍቶት ይመስልሻል?"

ያኔ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በፋብሪካው አዳራሽ፣
ሱፍ ስናበጥር ውለን፣ ብናኙ ቅንድባችን ላይ ሰፍሮ፣
የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሁሉ ሽበታም መስሎ
እንደ ሽማግሌ ጉባኤ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ።
ሸራ የለንም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው
ጠርዙ ተጣሞ ለገበያ ያልበቃ ነጭ ብርድ ልብስ ነው።
እናም የፊልሙ ሰው በሙሉ፣ ቆንጆዋም፣ ወንበዴውም፣ ዳኛውም፣
ፊቱ ሱፍ አብቅሎ፤ ከጢም የተረፈ የለም አንዳቸውም።
በሩ ገርበብ ካለ፣ የጣርማበር ንፋስ ሰተት ብሎ ገብቶ፣
ባቡሩ ይርገበገባል፣ ከነተሳፋሪው ከሐዲዱ ወጥቶ።

ጋሽ ወንድይፍራው ከማሽኑ ጎን፣ ሸምበቆውን ይዞ ይተረጉማል።
ቋንቋው የየት አገር እንደሆነ ማን ያውቃል?
እሱም አያውቅም።
ግን የመንዝ ልጅ ነው፣ ነገር አያልቅበትም።
ጎልማሳው ገና ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣
መሬቱን በሐሰት ምስክር እንደተነጠቀ ይነግረናል፣ እንድናውቅ።
ልጅቷ ሩብ ሰዓት ስትናገር፣ "እምቢ አለች" ይላል ባጭሩ፤
"እምቢ" ያለች ጊዜ ደግሞ፣ ያኔ ነው መዘርዘሩ።
አመለወርቅ፣ ከሽመና ክፍል፣ ካግዳሚው ተነሥታ
"ኧረ ዙር! ከኋላህ ነው!" ትላለች፣ ነጠላዋን ረስታ፤
በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ በሌላውም፣
አንድ ቀን የሚሰማት ይመስል፣ ተስፋ አትቆርጥም።

አንድ ቦታ አለ፤ ፍቅረኞቹ ጣቢያው ላይ ሲሰነባበቱ፣
አንድ ሰውዬ ከኋላ ያልፋል፣ ሰፍቶት ኮቱ፣
በክንዱ ቅርጫት አንጠልጥሎ።
ሦስት እርምጃ። ዞር ብሎ
እኛን ያያል። እኛን!
ደንገጥ ይልና አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።
ጋሽ ወንድይፍራው እሱን ሳይተረጉም አልፎ አያውቅም፦
"ይኼ ደግሞ የሞላሌ ሰው ነው፣ ገበያ ውሎ መመለሱ፤
እንቁላሉ አልተሸጠም፤ ለሚስቱ ምን ይበል እሱ?"
መብራት ሄዶ እንኳ
ሳቃችን ጨለማው ውስጥ ይቀጥላል።

በሃያ ዓመቴ ጀግናውን አየሁ፤ አረማመዱን ሰርቄ
በጠባሴ መንገድ ኮሌታዬን አቁሜ ሄድኩ፣ በብርድ ደርቄ።
በሠላሳ፣ ልጅቷን፤ ዓይኗ ቁርጥ አመለወርቅ ነው እያልኩ፤
ለአመለወርቅ ግን ሳልነግራት፣ ላጣዬ ነጋዴ ተዳረች፤ ድንኳኑን እኔ ተከልኩ።
በሃምሳ፣ በር ላይ ቆሞ ደብዳቤ የሚጠብቀውን አባት።
አሁን፣ ጀግናው ሲያወራ ጆሮዬን አልሰጠው፤ ዓይኔ ከትከሻው ወዲያ ነው፣
ቅርጫት የያዘው ሰው በሚመጣበት።

የማሽኑ አምፖል ከተቃጠለ በዓመቱ ጋሽ ወንድይፍራው አረፈ።
አዳራሹ መጋዘን ሆነ። ያ ነጭ ብርድ ልብስ
የማን አልጋ ላይ እንዳለፈ
እንጃ።
ባቡሩ ግን በሰዓቱ ይመጣል፤
እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ባቡር የትኛው አገር ይገኛል?

ይኸው ደረሰ። "ውባንቺ፣ ነይ፣ ቶሎ እዪ!"
"የቱን?"
"እነሱን ተያቸው! ከኋላ፣ ከኋላ እዪ!"
ሦስት እርምጃ። ዞር አለ።
አየን። አንገቱን ደፋ። ሄደ።

"ማን ነው ደግሞ እሱ?"
"የሞላሌ ሰው ነው" አልኳት፣ "እንቁላሉ ዛሬም አልተሸጠም።"
ዝም ብላ ቆየች።
ኋላ የብርድ ልብሴን ጫፍ ገልጣ፣ በረዶ እግሯን አስገባች፤
"እስቲ መልሰው" አለች።